ገመድ በእጅ፣ ታቦት በደጅ

ወሬው የደረሰኝ ጋምቤላ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተንበርክኬ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ስለጥፍ ነው። የተማሪዎቹ የቴአትር ክበብ ለዓመቱ መዝጊያ አጭር ቴአትር ያዘጋጃል። እኔ ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚቆምበት ቦታ ምልክት ሳይደረግበት ልምምድ የማስጀምር ሰው አይደለሁም። ስልኬ ወንበር ላይ ሆኖ ጠራ፤ አላነሳሁትም። ዘግቶ እንደገና ጠራ። ፕላስተሩን በጥርሴ በጥሼ ተነሳሁ።

የደወለው ደብረ ብርሃን አብሮኝ ይሠራ የነበረው የድምፅ ባለሙያ ነው። ይህ ልጅ ሲደውል ከቀልድ ነው የሚጀምረው። "እትዬ፣ እስካሁን አልቀለጡም?" ይለኛል፤ እኔም "አንተስ በብርዱ አልደረቅህም?" እለዋለሁ። ያን ቀን ሰላምታም አልነበረውም።

"እትዬ፣ ሥዕሉ ወደቀ።"

"የቱ ሥዕል?"

"የጀርባው። ተራራው ያለበት። ከነአጣናው።"

"ሰው ላይ?"

መልሱ እስኪመጣ የማውቃቸውን ሰዎች ሁሉ በየተራ ከዚያ አጣና ሥር አቆምኳቸው።

"እናትየዋን በምትጫወተዋ ላይ። ትከሻዋ ተሰብሯል። ሐኪም ቤት ናት፣ ትናገራለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እትዬ... ልጅቷን ከሥራ አግደዋታል።"

ልጅቷ የሚላት የኔን ልጅ ነው። አልወለድኳትም። የሰላ ድንጋይ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ አዳራሹ በር ላይ ትኬት ትቆርጥ ነበር። መድረክ ማስተዳደርን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቱ ወደ ጋምቤላ ሲዛወር ቦታዬን የተረከበችው እሷ ናት።

"ምን አድርጋ?"

"ቦታዋ ላይ አልነበረችም ነው የሚሉት። ታቦት ልትሳለም ወጥታ ነበር እያሉ ነው።"

ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ ግቢው ወጣሁ፣ ማንጎው ሥር ቆምኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጣሁ። አልመጣም። ገብቼ ፕላስተሬን አነሳሁና መለጠፌን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይታ ከተማሪዎቹ አንዷ "ቲቸር፣ ይሄ የማን ቦታ ነው? በእኛ ቴአትር እዚህ የሚቆም ሰው የለም" አለችኝ። አየሁት። ደብረ ብርሃን መድረክ ላይ እናትየዋ የምትቆምበትን ቦታ ነበር የለጠፍኩት።

የሆነውን ነገር አሟልቼ የሰማሁት ስልኩ እየተቆራረጠ፣ ቀኑን ሙሉ ነው። በዓል ነበር፤ የአንድ ደብር ዓመታዊ ንግሥ። ታቦቱ ከሰዓት በፊት ይገባል ተብሎ ቴአትሩ ለከሰዓት በኋላ ተያዘ፤ በበዓል ቀን ተመልካች አይጠፋምና። ዳሩ ግን ታቦትን በሰዓት የሚነዳው ማን ነው? ወጣቱ ምንጣፍ እያነጠፈ፣ መዘምራኑ በየመታጠፊያው እየቆሙ፣ ቀኑ ዘቀዘቀ። የአዳራሹ የጀርባ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ መንገዱ የሚያልፈው ደግሞ በዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ቴአትሩ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ከበሮው፣ እልልታውና ደወሉ አንድ ላይ ሆነው ገቡ። ተመልካቹ ከየወንበሩ ተነሳ። ሴቶቹ በእልልታ መለሱ። ተዋናይቷ የያዘችውን ቃል ትታ፣ ከምልክቷ ላይ ተነስታ፣ ታቦቱ ወደሚያልፍበት ወደ ጀርባው ግድግዳ ሄደችና ተንበረከከች። ከራሷ በላይ ያ ትልቅ የአቡጀዲ ሥዕል ከነአጣናው ተሰቅሎ ነበር። ሊወርድ የደረሰበት ሰዓት ስለነበር ገመዱን የሚይዙት ሰው ከካስማው ፈትተው በእጃቸው ይዘውታል።

ደወሉን ሲሰሙ አማተቡ።

ገመዱ አልተበጠሰም። ካስማውም አልተነቀለም። የአንድ ክርስቲያን ቀኝ እጅ ወደ ግንባሩ ሄደ፣ በቃ።

መድረክ አስተዳዳሪ ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ መልሱ ይቸግረኛል። አትጫወትም፣ አትደርስም፣ አታዘጋጅም። መጋረጃው ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ግን ያለ እሷ ቃል መብራት አይበራም፣ ወንበር አይነሳም፣ ገመድ አይፈታም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ልጄ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ተምራ ዘበኛ ሆና መጣች" ትል ነበር። አባቴ ግን ወዲያው ገባው። አንኮበር ውስጥ ዕድሜውን በማኅሌት ያሳለፈ መሪጌታ ነው። "መሪው ሳይመራ መቋሚያውን የሚያነሳ አለ እንዴ? እንደሱ ነው በያታ" አለና ነገሩን ዘጋው።

ሙያውን ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ውስጥ በመድረክ ጎን ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አላስነኩኝም። አጠገባቸው አስቀምጠው ዓይኔን በሻሻቸው ያስሩና "አሁን የገባው ማን ነው?" ይሉኛል። በኮቴው መለየት አለብኝ። "አሁንስ ገመዱ ጋ ያለው ማን ነው?" በትንፋሹ። ስሳሳት "ዓይንሽ ቴአትር ማየት ይወዳል። ቴአትር ማየት ከፈለግሽ ትኬት ግዢ" ይሉኛል። ሦስት ቃል አስተማሩኝ፤ እኔም ደብረ ብርሃን ስመለስ እነዚያኑ ሦስት ቃላት ይዤ መጣሁ።

የመጀመሪያው "ተዘጋጅ" ነው። ይህን የሰማ ባለገመድ ገመዱን ከካስማው ፈትቶ በሁለት እጁ ይይዛል። ሁለተኛው "አውርድ" ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ገመዱን የሚይዘው ከሰው እጅና ከእግዚአብሔር በቀር ማንም ስለሌለ፣ "ተዘጋጅ" ያለች መድረክ አስተዳዳሪ "አውርድ" እስክትል ከወንበሯ አትነሳም። ቤትሽ ተቃጠለ ቢሏትም አትነሳም። ሦስተኛው የችግር ቃል ነው፤ "ባለህበት።" እሱ ሲጠራ ተዋናይም ሆነ ሠራተኛ እግሩን አያነሳም፣ የያዘውን አይለቅም። ጨዋታው ቢበላሽም ይበላሽ።

ዕቃዬን የምይዘው በአገልግል ነበር። እናቴ ለመንገድ ምሳ ቋጥራ የላከችልኝ ነው፤ አጥቤ ፕላስተሩን፣ ጠመኔውን፣ መርፌና ክሩን፣ መርፌ ቁልፉን፣ ሻማና ክብሪቱን፣ ቀይ ሴሎፎን ያሰርኩበትን የእጅ ባትሪ ጨመርኩበት። ቆዳ የተለበጠ ስለሆነ ቢረግጡትም አይጎዳ፣ ውኃም አያስገባ። ወደ አዳራሹ ስገባ ልጆቹ "እትዬ፣ ዛሬ ምን ቋጠሩልን?" ይሉኛል። "ጾም ነው፣ ፕላስተር ብሉ" እላለሁ። ስሄድ ለልጅቷ ትቼላት ሄድኩ። መጀመሪያ እምቢ አለች፣ የእናት ዕቃ አልቀበልም ብላ። "ምሳ አትቋጥሪበት እንጂ የኔም ያንቺም ነው" አልኳት።

ያ አዳራሽ ሀብታም አልነበረም። በመድረኩ ግራና ቀኝ የሰቀልናቸው ጥቁር መጋረጃዎች ብርድ ልብሶች ናቸው፤ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክረን፣ አንዱን ከአንዱ ሰፍተን የሠራናቸው። በጥቅምት ብርድ ተዋናይ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምፈልገው እዚያ ውስጥ ነው፤ ተጠቅልሎ ተራውን ሲጠብቅ አገኘዋለሁ።

ገመዱን የሚይዙት የደነባ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ጋሼ ነው የምላቸው። እንደሳቸው ገመድ የሚያስር አላየሁም። ጸሎተኛም ናቸው። ሥራ በጀመርንበት ሰሞን አንድ ቀን በልምምድ ላይ፣ ከውጭ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ፣ ቀኝ እጃቸውን ከገመዱ ላይ አንስተው ሲያማትቡ አየኋቸው። ያኔ የተሰቀለው ባዶ ጨርቅ ስለነበር ትንሽ ተንሸራትቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ ገመድ ይዘው አያማትቡ።"

"ምን አልሽ?"

"ገመዱ በእጅዎ እያለ አያማትቡ። አስቀድመው ካስማው ላይ ይሰሩት፣ ከዚያ የፈለጉትን ያህል ያማትቡ።"

"የመሪጌታ ልጅ ሆነሽ ነው ይህን ከአፍሽ የምታወጪ?"

"ጋሼ፣ እትዬ አዲስ አበባ ሃይማኖት ቀይረው መጡ!" አለ የድምፁ ልጅ። ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ትክክል እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ግን ሰውን አታማትብ ማለት አፌ ላይ ከብዶኝ ቀረ። አንኮበር ስወርድ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ትንሽ አሰቡ።

"ቅዳሴ ላይ ሕፃን የታቀፈች እናት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አዎ፣ አባ።"

"ለማማተብ ብላ ልጇን ትጥላለች?"

"አትጥልም።"

"ታዲያ ምኑ ነው የቸገረሽ? ሥዕልሽን እስኪያወርድ በልቡ ያማትብ በዪው።"

ተመልሼ ለጋሼ ነገርኳቸው። "አባ እንዲህ አሉ?" አሉኝ። "አሉ" አልኩ። "እንግዲያው እሺ። አንቺ ብቻሽን ብትዪኝ ግን አልሰማሽም ነበር፣ እወቂው።" ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይህን ሕግ የሚያስተምሩት ጋሼ ራሳቸው ሆኑ። እጃቸውን ሽቅብ ወደ ገመዱ ዘርግተው "ልጅ እንደታቀፍህ ቁጠረው" ይላሉ። ልጅቷም የተማረችው ከእኔና ከሳቸው ነው።

ስለ እሷ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጎረቤላ ነው። ቡድናችን በየወረዳው እየዞረ ሲያሳይ፣ አንኮበር ጎረቤላ ላይ የመድረካችን ወለል የአይሱዙ ጭነት ሳጥን ነበር፤ ጎንና ጎኑን አውርደን፣ በብርድ ልብሶቻችን ጋርደን። የገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ ከነአህያው ነው የቆመው። ያን ቀን ወንበሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጅቷ ለቀቅኩላት፤ እኔ በማዶ በኩል ሆኜ ልብስ እሰፋለሁ። ጨዋታው ጥሩ ሄዶ ሄዶ፣ ከቆላው በኩል ጉም ተነሳ። የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መጣ ሲሉት ደርሷል። መድረኩ ጠፋ። ሰው ሳቀ፣ አንዱ "መብራት አምጡ!" ብሎ ጮኸ። ዓይነ ስውር ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ግን ሳቁን እንደ ሙገሳ ቆጥሮት ነው መሰለኝ፣ በበትሩ እየዳበሰ ወደፊት መሄዱን ቀጠለ። ወደፊት ደግሞ የመኪናው ጫፍ ነው። እኔ ኮቴውን እሰማለሁ፤ አፌ ግን በክርና በመርፌ ተይዟል።

"ባለህበት!"

የሰላ ድንጋይ ልጅ ድምፅ ነው፤ ከአንድ ጋራ ወደ ሌላ ጋራ ሰው መጥራት የለመደ። ተዋናዩ ቆመ። ተዋናዩ ብቻ ሳይሆን ገበያው በሙሉ ቆመ። ጉሙ ሲገለጥ፣ ሽማግሌው ግማሽ ጫማው አየር ላይ ሆኖ፣ በትሩን ባዶ ቦታ ላይ ዘርግቶ አየነው። ከፊት የቆመ አንድ ገበሬ የአህያውን ጆሮ እንደያዘ ደርቋል። "እኔንም ነው እህቴ? ልንቀሳቀስ?" አለ። ከዚያማ ሳቁን ማን ያቁመው።

ቃሉ ከእኛ ጋር ደብረ ብርሃን ገባ። ባጃጅ ነጂዎቹ ልጅቷን ባዩ ቁጥር "ባለህበት መጣች!" እያሉ ፍሬን ይይዛሉ። የአዳራሹ ደንበኞች መብራት ሲጠፋ በጨለማው "ባለህበት!" ብለው ይሳሳቃሉ። "እትዬ፣ በዚህ ቃል የተነሳ ደፍሮ የሚጠጋኝ ወንድ ጠፋ" ትለኝ ነበር። "የሚገባሽ ባለበት ቆሞ የሚጠብቅሽ ነው" አልኳት። ያኔ እየሳቅን የምንናገረው ቃል አንድ ቀን ይህን ያህል ያስፈልገናል ብለን አላሰብንም።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ከስልክ አልተለየም። ባለቤቴ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሳወርድ አየኝና "ሄደሽ ምን ልታደርጊ ነው?" አለ።

"ልናገርላት።"

"ምን ብለሽ? አልነበርሽም እኮ።"

ሻንጣውን መለስኩት። በማግሥቱ እንደገና አወረድኩት። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ጋሼን ያገኘኋቸው በልጃቸው ስልክ ነው። 

"እጄ ሄደ፣ ልጄ። እኔ አላዘዝኩትም። ተመልሼ ስይዘው ገመዱ መዳፌን ልጦት አለፈ።"

"አውቃለሁ ጋሼ። ከዚያ በፊት ምን ሰሙ?"

"'ተዘጋጅ' አለች፣ ፈታሁ። ከዚያ ደወሉ ነው።"

"ከደወሉ በኋላስ? 'ባለህበት' ስትል አልሰሙም?"

በዚያ በኩል ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

"ልጄ፣ ሰማሁ በል ካልሽኝ..."

"አልልም ጋሼ። እንዲያውም እንዳይሉ።"

"አልሰማሁም። ብላም ይሆናል። ጆሮዬ ከታቦቱ ጋር ሄዷል። ጀርባዬን ሰጥቻት ስለነበር ወንበሯንም አላየሁት። አዳራሹ ባቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ፊት ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ጥፋቱ የእጄ ነው አልኳቸው። 'የርስዎን እናውቃለን፣ ስለሷ ይንገሩን' አሉኝ። ስለሷ ምን ልበል?"

ተዋናይቷን እህቷ አገናኘችኝ። ትከሻዋ ታስሯል፤ ስታወራ ታቃስታለች። ስለ ልጅቷ ስጠይቃት ማሰብ ጀመረች፤ ማሰቧ እውነተኛ እንደሆነ ይሰማኛል። "እትዬ፣ የሰው ድምፅ አልሰማሁም። እልልታው ውስጥ ነበርኩ። ከምልክቴ መነሳቴንም ያወቅኩት ከወደቀብኝ በኋላ ነው" አለች። ቀጥላም "እሷን አልከሰስኩም፤ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ" አለችኝ። ለማን ልንገርላት?

የቀረው የድምፁ ልጅ ነው። የሱ ወንበር ከልጅቷ ወንበር ክንድ አይርቅም። እስካሁን ያልጠየቅኩት፣ ያየው ነገር ቢኖር ኖሮ ራሱ መጀመሪያ በደወለ ጊዜ ይነግረኝ ነበር ብዬ ነው።

"አንተ የት ነበርክ?"

"...ወጥቼ ነበር፣ እትዬ።"

"ታቦት ልትሳለም?"

"አዎ። በዚያ ሰዓት የማሰማው ድምፅ አልነበረኝም፤ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነው። በጀርባ በር ሮጥኩ።"

"ለኮሚቴው ተናገርክ?"

"ተናገርኩ። በጀርባ በር ሰው ሲወጣ አይተናል ያሉ አሉ፤ እሷ ናት የተባለው ከዚያ ነው። እኔ ነኝ አልኳቸው። 'እሷስ ተከትላህ እንዳልወጣች በምን ታውቃለህ?' አሉኝ። እትዬ፣ ስወጣ ወንበሯ ላይ ነበረች። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልማል?"

አልተቆጣሁትም። በኔ ዘመን ቢሆን እቆጣው ነበር። አሁን ግን ታቦት በደጁ ሲያልፍ ከወንበሩ ያልተነሳ ሰው እንዳለ ብፈልግ ማንን አገኛለሁ? አንዷን ብቻ። እሷንም ወጥታ ነበር ይሏታል።

ልጅቷ ስልኳን ዘግታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገበያ መሃል ቲማቲም እየመረጥኩ፣ ራሷ ደወለች።

"እትዬ፣ አልተነሳሁም።"

"አምንሻለሁ፣ ልጄ።"

"እርስዎ ያምኑኛል። እርስዎ ግን አልነበሩም።"

ቲማቲሙን አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ያለኝን እሷም አለችኝ።

"ንገሪኝ" አልኳት።

"'ተዘጋጅ' አልኩ። ጋሼ ፈቱ። ከዚያ ደወሉና እልልታው በአንዴ ገባ። እጄ ባትሪው ላይ ነበር፤ በልቤ አማተብኩ፣ እንዳስተማሩኝ። ከዚያ እሷ ከምልክቷ ስትነሳ አየሁ። ወደ ሥዕሉ ሥር ስትሄድ። 'ባለህበት!' አልኩ። ጮህኩ፣ እትዬ። ጎረቤላ ከጮህኩት በላይ ነው የጮህኩት። ሁለተኛ ልጮህ ስል ወደቀ።"

"ማን ሰማሽ?"

"እኔ ምን አውቄ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ እልል እያለ ነው።"

ቲማቲም ሻጯ "እናቴ፣ ትወስጂዋለሽ ወይስ ታወሪያለሽ?" አለችኝ። በእጄ ታገሺኝ አልኳት።

"አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል፣ እትዬ" አለች ልጅቷ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ታቦት ሳልሳለም የቀረሁበት ዓመት የለም። ዘንድሮ በደጄ አልፎ ሳልሳለመው ቀረሁ። የታገድኩት ደግሞ ልትሳለም ሄደች ተብዬ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ውዳሴ ማርያም እጀምራለሁ፤ መሃሉ ላይ ስደርስ ያ አጣና ከላይ ይንሸራተታል፣ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ደወል ሲደወል እጄን ወደ ግንባሬ ሳነሳ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አየዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ደውዬ "ያን ያሉኝን ቃል አስተማርኩ፤ የጠበቀችው ተጎዳች" አልኳቸው። "የጠበቀችውን እግዚአብሔር አይቷታል" አሉኝ። አላንገራገርኩም። ኮሚቴው ግን የሚጠይቀው ሰው ነው።

ኮሚቴው ገና ቃል እየሰማ ነው ይሉኛል። እስካሁን የጠራው ሠራተኞቹን ብቻ ነው፤ ሠራተኞቹ ደግሞ እንዲህ ናቸው፤ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንዷ ተንበርክካ፣ አንዱ ወጥቶ። ተመልካቹን የጠየቀ የለም። ያን ቀን በየመንገዱ ተበተነ፣ አለቀ።

አንድ የማውቀው ነገር አለ። ከመድረኩ በስተቀኝ፣ ከፊት ባሉት ወንበሮች ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የመድረክ አስተዳዳሪዋን ወንበር ያያል። ብርድ ልብሱ አጥሮን ስለነበር በመጋረጃውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ቀርቷል። እኔ እዚያ ስቀመጥ ከፊት ያሉ ልጆች "እትዬ ታዩን፣ ታዩን!" እያሉ ያስቁብኝ ነበር። ስንት ጊዜ ቁራጭ ጨርቅ ልቀጥልበት አስቤ ሳልቀጥልበት ቀረሁ። በዚህ አንድ ነገር ስንፍናዬን አመሰግናለሁ።

እና እናንተ በዚያ ንግሥ ቀን ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ የነበራችሁ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥታችሁ የመጣችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ፣ ከንግሡ መጥታችሁ ነጠላችሁን ሳታወልቁ የገባችሁ እናቶቼ፤ ይህን ካነበባችሁ ወይም ያነበበ ከነገራችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በስተቀኝ ጫፍ ከተቀመጣችሁት፣ ታቦቱ ሲያልፍ በዚያች ክፍተት ምን አያችሁ? አንዲት ወጣት ሴት ቀይ ባትሪ ይዛ ተቀምጣ ነበር ወይስ ወንበሩ ባዶ ነበር? ባዶ ካያችሁ ባዶ ነበር በሉ፤ ለኔ ብላችሁ በሐሰት እንድትምሉላት አልፈልግም፣ እሷም አትፈልግም። ሌሎቻችሁ ደግሞ እልልታችሁን ለአፍታ መልሳችሁ አዳምጡት። በውስጡ፣ ከወደ መድረኩ ጎን፣ ያን የምትስቁበትን ቃል የሚጮህ ድምፅ ነበረበት? ከእናንተ መሃል እሱን ሰምቶ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ እግሩ ባለበት የቆመ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወደ አዳራሹ ቢሮ ሂዱና ይህንኑ ተናገሩላት።